የዶሮው ታሪክ ለማን ይሸጣል? ትንሹ አርቢና የበዓል ገበያ



ዛሬ የምናገረው በጓሮው አሥር ወይም ሃያ ዶሮ ስለሚያረባ ሰው ነው። ይህ ሰው ሌላ መተዳደሪያ አለው፤ መምህር፣ ሾፌር፣ ጡረተኛ ወይም የቤት እመቤት ሊሆን ይችላል። ዶሮ የሚያረባው በከፊል ስለሚወድ፣ በከፊል ለቤቱ እንቁላል፣ በከፊል ደግሞ በዓል ሲደርስ ጥቂቱን ሸጦ ወጪውን ለመሸፈን ነው። እንዲህ ያለው አርቢ ስለ እያንዳንዱ ዶሮው ብዙ ያውቃል። መቼ እንደተፈለፈለ፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ በሽታ ሲገባ ከሞት እንደተረፈ ወይም እንዳልተረፈ ይናገራል። ዶሮውን ይዞ በጎፋ መንገድ ዳር ከነጋዴው ጎን ሲቆም ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አንድ ብር አይጨምርለትም። የንግግሬ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለምን?

በመጀመሪያ የዚህን ሰው ሒሳብ እንመልከት። አንዲት የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ነው። ከነዚህ ውስጥ 12ቱን አስታቀፍናት እንበል። 21 ቀን ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ብትፈለፍል ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጭልፊት፣ ድመት፣ ብርድና በሽታ ተባብረው ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉን መውሰዳቸው የተለመደ ነው፤ አምስት ይቀራሉ። ከአምስቱ ሁለት ወይም ሦስቱ አውራ ይሆናሉ። እንግዲህ ከ12 እንቁላል ለበዓል የሚደርሱት ሁለት ወይም ሦስት አውራ ዶሮዎች ናቸው። እነሱም ለገበያ እስኪደርሱ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የእያንዳንዱ አውራ ዶሮ ዋጋ የሞቱትን ወንድሞቹንም ወጪ ተሸክሟል ማለት ነው።

ጊዜውም በአርቢው ምርጫ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የዶሮ ገበያ የሚከተለው የጾምንና የፍስክን ዑደት ነው። ለፋሲካ የሚደርስ አውራ ዶሮ እንቁላሉ በእንቁጣጣሽ ሰሞን መታቀፍ ነበረበት። ለገና የሚደርሰው በግንቦት ማብቂያ ይታቀፋል፤ ጫጩቱ የሚያድገው በክረምት ጭቃና ብርድ ስለሆነ ኪሳራው ይበዛል። ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠው ደግሞ በጥር መጨረሻ ይታቀፋል። አርቢው ይህን ስሌት ካልያዘ ዶሮው ለገበያ የሚደርሰው በዐቢይ ጾም መካከል ይሆናል። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ 55ቱን ቀን እየቀለቡ መቆየት ወይም ባገኙት ዋጋ መሸጥ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንውጣ። በዓል ሲቃረብ ነጋዴው ከልዩ ልዩ ወረዳ የተሰበሰቡ ዶሮዎችን በቅርጫት ጭኖ ይመጣል። ዕድሜያቸው የተለያየ ነው፤ የጤናቸውን ታሪክ እሱም አያውቅም። ገዢዋ እመቤት ቀርባ አውራውን አንስታ ትመዝናለች፤ ደረቱን ትዳብሳለች፤ በእግሩ ኋላ የበቀለውን ሹል ጥፍር አይታ ዕድሜውን ትገምታለች፤ ቀለሙንና ኩክኔውን ትመለከታለች። ከዚያ ዋጋ ትቆርጣለች። አርቢው በጎን ቆሞ «እኔው ያሳደግሁት ነው፣ ክትባት ወስዷል» ቢላት ነጋዴውም ያንኑ ይላል። ማን እውነቱን እንደተናገረ የምትለይበት መንገድ የላትም፤ ስለዚህ ለሁለቱም የምትሰጠው ዋጋ አንድ ነው።

ይህን ሁኔታ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አስቀድመው አጥንተውታል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩውን የያዘ ሻጭ ይጎዳና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ደካማው ዕቃ ይሆናል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው በዚህ ዘርፍ ባደረገው ጥናት ነው።

ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት የአከርሎፍ መልስ ለዶሯችን ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ከአገራችን በጣም የራቀ አንድ ገበያ ላሳያችሁ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ተሳቢ እንስሳትን፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ አጠራር ገበሎ አስተኔዎችን፣ በቤታቸው የሚያረቡ ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱም እንደኛ ትንሽ አርቢ ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው። በዓመት ጥቂት ጊዜ እንደ ጀርመኗ ሐም ባሉ ከተሞች ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ዐውደ ርዕይ ይከፈታል። አርቢው ጠረጴዛ ተከራይቶ ያፈራቸውን እንሽላሊቶችና እባቦች ግልጽ በሆኑ ሣጥኖች ይደረድራል። በየሣጥኑ ላይ አንድ ካርድ አለ፤ የዝርያው ስም፣ ጾታው፣ የተፈለፈለበት ቀን፣ የወላጆቹ ባሕርይ ይጻፍበታል። ጠንቃቃ አርቢ እንስሳው መቼ መቼ እንደተመገበ የሚያሳይ መዝገብም ይዞ ይመጣል። በዚያ ገበያ ሁለት የሚመሳሰሉ እባቦች በካርዳቸው ምክንያት ዋጋቸው በብዙ ሊራራቅ ይችላል። ታሪክ በግልጽ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ይህን የምጠቅሰው ከጓሯችን እስስት እየለቀምን እንሽጥ ለማለት አይደለም። የአገራችን የዱር እንስሳት በአዋጅ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም አይቻልም። የምፈልገው ከገበያው አሠራር የምንማረውን ነው።

ታዲያ በዚያ አዳራሽ ታሪክ የሚሸጠው ስለምንድን ነው? ካርድ ስለተጻፈ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ነገውኑ ካርድ ጽፈን በገመድ በዶሮው እግር ላይ ብናስር በበቃን። ዋናው ምክንያት ገዢው ነው። ዘንዶ የሚገዛ ሰው እንስሳውን ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮት ሊያኖረው፣ ሊያረባውም ነው። የእንስሳው ያለፈ ታሪክ የገዢው የወደፊት ዕጣ ስለሆነ ይከፍልበታል። በእኛ የበዓል ዋዜማ ገበያ ግን አውራ ዶሮ የገዛችው እመቤት ነገ ማለዳ በ12 ብልት ትከፋፍለዋለች። በመጋቢት ስለወሰደው ክትባት፣ እናቱ በዓመት ስለጣለችው እንቁላል ለምን ትከፍላለች? ለእርሷ የሚያስፈልጋት ክብደቱ፣ ቀለሙና በዓይን የሚታየው ጤንነቱ ነው፤ እነዚህን ደግሞ በእጇ መዝና በዓይኗ አይታ ታውቃለች። ትክክል ናት።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ታሪክ ዋጋ የሚያወጣው ለሚያሳድግ ገዢ ነው። ትንሹ አርቢ በበዓል ዋዜማ ዕውቀቱን የሚያቀርበው ለማይፈልገው ሰው ነው። ዕውቀቱን የሚፈልገው ሰው ግን በዚያው ሰፈር አለ፤ እሱም ቄብ ገዝቶ ለእንቁላል ሊያሳድግ የሚያስብ ጎረቤት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር ሁለቱን ገበያዎች መለየት ነው። አውራ ዶሮዎቻችንን በበዓል፣ በክብደትና በቀለም እንሽጥ፤ በዚያ ገበያ ከነጋዴው የተለየ ዋጋ አንጠብቅ። ቄቦችን ግን ከበዓል ግርግር ውጭ፣ ለሚያሳድግ ሰው፣ ከነታሪካቸው እንሽጥ። ለዚህ የሚመቸው ወቅት፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም መካከል ለመጣል የተቃረበች ቄብ የገዛ ሰው እንቁላሏን ማግኘት የሚጀምረው ለፋሲካ አካባቢ ነው። ከዚያም በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ይመጣል። ለሥጋ ገበያ የሞተ የሚመስለው ወቅት ለቄብ ገበያ የተመቸ ነው።

ከቄቧ ጋር የሚሰጠው ወረቀት አጭር ይሁን። የተፈለፈለችበት ወርና ቀን፣ የእናቷ የእንቁላል ብዛት በወር በግምት ሳይሆን በቆጠራ፣ የአባቷ ምንጭ ከዚያው ጓሮ ነው ወይስ ከሌላ ቤት የሚለው፣ የተሰጣት ክትባት ዓይነትና ቀን፣ በመጨረሻም የአርቢው ስልክ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ነጋዴው በማግስቱ ስለማይገኝ ቃሉን የሚጠይቀው የለም። ጎረቤት አርቢ ግን ቄቧ ብትታመም ተደውሎ ይጠየቃል፤ ወረቀቱ የሚታመነውም ስለሚጠየቅ ነው። እኔ የምመክረው ተማሪዎቼን ሳይቀር አንድ ተራ ደብተር ገዝተው የዕለቱን እንቁላል በየማታው በእርሳስ እንዲመዘግቡ ነው። የስድስት ወር ደብተር ያለው ሰው ከማንኛውም አሻሻጭ ቃል የበለጠ ማስረጃ በእጁ አለው።

ወደ ክትባቱ ልለፍ፤ ምክንያቱም ገበያ ሰውን ብቻ አያገናኝም። ፈንግል የምንለው በሽታ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ከዶሮ ወደ ዶሮ ሊተላለፍ ይችላል። ዶሮዋ ማንጎላጀት፣ አረንጓዴ ማስቀመጥ፣ ለመተንፈስ መቸገርና አንገቷን ማዞር ስትጀምር ብዙዎቹ ተይዘዋል። በሰፈሩ ፈንግል ገባ ሲባል ደግሞ ብዙ ባለቤት ሳይሞቱበት በፊት ዶሮዎቹን ፈጥኖ ወደ ገበያ ያወጣል። ይህ ከድሀ ሰው የሚጠበቅ ውሳኔ ነው፤ ውጤቱ ግን በሽታው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ በገበያ መገናኘቱ ነው።

ስለዚህ ለትንሹ አርቢ ትልቁ አደጋ ያልተሸጠው ዶሮ ነው። አሥር ይዞ ወጥቶ ሰባት ሸጦ ሦስቱን ወደ መንጋው የመለሰ ሰው የሰባቱን ትርፍ በሦስቱ ሊያጣ ይችላል። ያልተሸጠው ቢቻል በዋጋ ተቀናሽ ይሸጥ ወይም ለቤት ይታረድ። መመለስ ግድ ከሆነ ለ21 ቀን፣ ማለትም እናት ዶሮ እንቁላል የምትታቀፈውን ያህል ጊዜ፣ ለብቻው ይቆይ፤ መመገቢያና መጠጫውም የተለየ ይሁን፤ የሚንከባከበው ሰው መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ እሱን ይጎብኝ። የተሳቢ እንስሳት አርቢዎችም ከአዳራሽ የተመለሰውን እንስሳ ጥገኛ ተባይ ይዞ እንዳይሆን ሲሉ ለብቻው ያቆያሉ። ገበያው ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው።

የፈንግል ክትባት በአገራችን ይመረታል፤ አምራቹ የእንስሳት ክትባት ተቋም በቢሾፍቱ ይገኛል። ለትንሹ አርቢ ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ የሚዘጋጀው ከአሥርና ከሃያ እጅግ ለሚበልጡ ዶሮዎች ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ለነገ አይቀመጥም። ብቻውን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ይደፋል፤ ወይም «ለእኔ ጥቂት ዶሮ አያዋጣም» ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው ጉርብትና ነው። በአንድ መንደር ያሉ አርቢዎች ቀን ቆርጠው አንድ ብልቃጥ ገዝተው በዚያው ቀን ሁሉም ቢያስከትቡ ወጪው ይከፋፈላል። ከዚህም በላይ የጎረቤት ዶሮ አለመታመሙ ለራስ ዶሮ ጥበቃ ነው።

ክትባቱ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ የከተማ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የቧንቧ ውኃችን ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ በክትባቱ ውስጥ ያለውን ሕያው ቫይረስ ይገድለዋል። ባለቤቱ ከትቤአለሁ ብሎ ያምናል፤ ዶሮዎቹ ግን ያልተከተቡ ያህል ናቸው። ስለዚህ ክሎሪን የሌለበት ውኃ ያስፈልጋል፤ የቧንቧው ግድ ከሆነ ውኃውን በሰፊ ዕቃ ከፍቶ ማሳደርና ባለሙያ በሚያዘው መጠን የዱቄት ወተት መጨመር ይረዳል። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው አይ-ቱ የተባለው ክትባት ይህ ችግር የለበትም፤ እሱም በየአራት ወሩ ይደገማል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ለጤነኛ ዶሮ፣ ገበያ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሰጥ። በዋዜማው የተከተበ ዶሮ ገና አልተጠበቀም።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝን ላንሣ። የበዓል ገበያ ቀለም ይመርጣል። ቀዩና ገብስማው ይወደዳል፤ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ይገፋል፤ ድርብ ኩክኔ ያለው ዋጋ ያወጣል። ዶክተር ንጉሤ ዳናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የላባ ቀለምና የኩክኔ ቅርጽ በአገራችን የገጠር አርቢዎች ዘንድ ከዋና ዋናዎቹ መምረጫዎች መካከል መሆናቸውን አሳይተዋል። ገበያው ይህን ሲመርጥ አርቢው መጀመሪያ ለገበያ የሚያወጣው የትኛውን ነው? ፈጥኖ ያደገውን፣ ትልቁን፣ መልከ መልካሙንና ጤነኛውን ነው። በጓሮ የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ኮሳሳው ነው። የመጪው ዓመት ጫጩቶች አባትም እሱ ይሆናል። በየበዓሉ ምርጡን እያረድን ከደካማው እናረባለን። ከትውልድ ወደ ትውልድ ይህ ሲደጋገም ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት የእርባታ ሳይንስ መማር አያስፈልግም።

ተቃራኒው እንደሚቻል ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ ታይቷል። በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የሆሮ ዶሮን ወስዶ በየትውልዱ በክብደትና በእንቁላል የተሻሉትን ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ። የውጭ ደም ሳይጨመር ዶሮው በጥቂት ትውልድ ውስጥ በግልጽ ተሻሻለ። የአገራችን ዶሮ የሚጎድለው መራጭ እንጂ ችሎታ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

የቀለም ምርጫ ብቻውን ወዴት እንደሚያደርስም ከተሳቢዎቹ ገበያ እንማር። በምዕራብ አፍሪካ የምትገኝ፣ ስትደነግጥ እንደ ኳስ የምትጠቀለል ዘንዶ አለች። አርቢዎች ያገኙት ሸረሪት የሚያስመስላት አንድ የቆዳ ጥለት ገዢ በብዛት ሳበ። ጥለቱን የሚያመጣው ዘረመል ግን ሚዛን የማሳት የነርቭ ችግር ይዞ ይመጣል፤ እንስሳቱ አንገታቸው ይንቀጠቀጣል። የእንግሊዝ አንድ የተሳቢ እንስሳት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ዓይነት በዝግጅቶቹ እንዳይሸጥ ከለከለ። ገዢ በዓይኑ የሚያየውን ብቻ ሲገዛ የማያየውንም አብሮ ይገዛል።

«ታዲያ በፋሲካ ዋዜማ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውን ምርጡን አውራ ሳልሸጥ ላቆየው ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ያ ገንዘብ ለብዙ ቤት የበዓል ወጪ ነው። ነገር ግን አንድ አውራ ዶሮ ለአሥር ያህል እናት ዶሮዎች ይበቃል። የሚቀጥለው ዓመት ጫጩት ሁሉ ከውርሱ ግማሹን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንጋ መቆየት ያለበት አንድ ብቻ ነው። አራት ጎረቤቶች ቢስማሙ ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ምርጥ አውራ አስቀርቶ በዓመቱ እየተቀያየሩ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን አውራው ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር አይዳራም፤ የዘር መቀራረብ ጉዳትም ይቀንሳል። የሌሎቹ አውራዎች ዋጋ እንደተለመደው ለበዓሉ ይውላል። አንዱን ያቆየ አርቢ በሚቀጥለው ዓመት በቄቧ ወረቀት ላይ ስለ አባቷ የሚጽፈው ነገር ይኖረዋል።

በመጨረሻ ለወረዳ አስተዳደሮች አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በየሰፈሩ የሚቆሙት የእሁድ ገበያዎች የተመሠረቱት አምራቹንና ሸማቹን ለማቀራረብ ነው። በነዚህ ገበያዎች ውስጥ ከበዓል ውጭ ባሉ ጥቂት እሁዶች ያረቡትን ራሳቸው ለሚሸጡ ትንንሽ አርቢዎች አንድ ጥግ ቢሰጥ ብዙ ወጪ የለውም። ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ይበቃሉ፤ ሻጩ ያረባው ራሱ ይሁን፣ የክትባት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፣ የእንስሳት ሐኪም በጠዋት ተዘዋውሮ ይመልከት። እንዲህ ያለ ጥግ እስኪገኝ ድረስ ግን ደብተሩን ዛሬ ማታ መጀመር፣ ለብልቃጡም ጎረቤትን ነገ ማነጋገር ይቻላል፤ ለሁለቱም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው፤ ዶሮ የሚያረቡ ካሉ በቅድሚያ እነሱ እንዲናገሩ እጠይቃለሁ።